«ሞተሩ በእጅ ከዞረ በቃ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በጎጃም መካኒኮች መካከል ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ጸሐፊው በሙያው የቆዩ ሰው መሆናቸው ያስታውቃል፤ ስለ ብሮንዚና አመራረጥና ስለ ፋሻ አገጣጠም ያሰፈሩትን ማንኛውም ጀማሪ ቢያነበው ይጠቀማል። የምቃወመው አንዱን ክፍል ብቻ ነው፤ ሞተር ተፈትቶ ሲገጠም ሲሊንደር ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች በሚመላለሰው ፒስተን አናትና አየርና ጭስ በሚያሳልፈው ቫልቭ ፊት መካከል ያለውን ክፍተት መለካት «የእሽቅድድም መኪና ቅንጦት» ነው ያሉበትን።

ያቀረቧቸው ነጥቦች እነዚህ ናቸው። ታይሚንጉ፣ ማለትም የቫልቮቹና የፒስተኖቹ መናበብ፣ ምልክቱ ላይ ከገባና ሞተሩ በእጅ ሁለት ዙር ያለ ግጭት ከዞረ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። ቴስታታ (የሞተሩ ክዳን) ሲላጭ የሚነሳው ከግማሽ ሚሊ ስለማይበልጥ ለውጥ አያመጣም፤ እንዲያውም አየሩ ስስ በሆነበት በደጋው አገራችን ትንሽ መላጨት ጉልበት ይመልሳል። ቫልቭ በፊለር ጌጅ (በስስ የብረት ቅጠል መለኪያ) ከተስተካከለ ይኸኛውም ክፍተት አብሮ ተስተካክሏል። የጭነት መኪናና የውኃ ፓምፕ ዙር ስለማያበዙ ቫልቫቸው ከፒስተን ጋር አይገናኝም። የግድ ይለካ ከተባለም አንድ ሲሊንደር ላይ ፕላስቲሲን አድርጎ ማየት ይበቃል። በመጨረሻም፣ ደንበኛ ለዚህ አይከፍልም።

እኔ የምለው አንድ ነው፤ ቫልቩ ፒስተኑን አለመንካቱ አይበቃም፣ በስንት ሚሊ እንዳልነካው መታወቅ አለበት። ቴስታታ በተላጨ፣ የጓርኒሲዮን (በቴስታታውና በብሎኩ መካከል የሚገባው ማሸጊያ) ውፍረት በተለወጠ፣ የቫልቭ መቀመጫ በተቆረጠ፣ ካም (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ወይም ፒስተን ከሌላ ሞተር በመጣ ቁጥር ያ ቁጥር ይለወጣል። እኛ ጋ ደግሞ ከእነዚህ አንዱም ሳይነካበት ተሠርቶ የሚወጣ ሞተር ስንት ነው?

«በእጅ ሁለት ዙር ከዞረ ይበቃል»

ክራንኩን፣ ፒስተኖቹ የተያያዙበትን ዋና ዘንግ፣ ሁለት ሙሉ ዙር፣ ማለትም 720 ዲግሪ፣ በእጅ ማዞር ማንም ሊዘለው የማይገባ ሥራ ነው። በዚህ እንስማማለን። ታይሚንግ አንድ ጥርስ ስቶ ከሆነ ስታርተር ሳይነካ ያስታውቃል። ነገር ግን መፍቻው የሚነግረን «ነካ» ወይም «አልነካም» ብቻ ነው። 0.2 ሚሊ የቀረውም፣ 2 ሚሊ የቀረውም ሞተር እኩል ለስልሶ ይዞራል።

ብዙ ሰው የሚስተው ደግሞ ቫልቩና ፒስተኑ የሚቀራረቡበትን ሰዓት ነው። ፒስተኑ ጨምቆ ላይ ሲደርስ ሁለቱም ቫልቮች ዝግ ናቸው፤ እዚያ የሚፈራ ነገር የለም። የሚፈራው ጭሱን ገፍቶ ላይ ሲደርስ ነው። ያን ጊዜ ጭስ የሚያስወጣው ኤግዞስት ቫልቭ ገና እየተዘጋ ነው፣ አየር የሚያስገባው ኢንቴክም መከፈት ጀምሯል። በአብዛኛው ሞተር ኤግዞስቱ ለፒስተኑ በጣም የሚቀርበው ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ ከመድረሱ 10 ዲግሪ ገደማ ቀደም ብሎ ሲሆን ኢንቴኩ ደግሞ ጫፉ ካለፈ 10 ዲግሪ ገደማ በኋላ ነው። በዚያ ክልል ፒስተኑ የሚንቀሳቀሰው በጣም በጥቂቱ ነው፤ ስትሮኩ (የፒስተኑ ጉዞ) 92 ሚሊ በሆነ ሞተር ላይ ከጫፉ 10 ዲግሪ ሲርቅ የወረደው 0.9 ሚሊ ገደማ ብቻ ነው።

በዚያ ሰዓት ጭሱ ስለወጣ የፒስተኑን አናት ወደ ታች የሚጫን ግፊት የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሞተሩ በፍጥነት ሲዞር ፒስተኑ በገዛ ክብደቱ ወደ ላይ ይወረወራል፤ ፒስተኑን ከክራንኩ በሚያገናኘው በቢየላ ብሮንዚናና በፒኑ ላይ ለዘይት የተተወውን ክፍተት ሁሉ ወደ ላይ ይበላዋል፣ ቢየላውንም በጥቂቱ ይስበዋል። አሉሚኒየም በሙቀት የሚለጠጠው ከብረት በእጥፍ ገደማ ነውና ፒስተኑም ሞቆ ቁመት ይጨምራል። ኤግዞስት ቫልቩም ግሎ ይረዝማል። መፍቻ ይዘን ቀስ ብለን ስናዞር ከዚህ አንዱም አይታይም።

ለጠንካራ ሥራ የቤንዚን ሞተር የሚሠሩ ባለሙያዎች ትንሹ ክፍተት ኢንቴክ ላይ 2.0 ሚሊ፣ ኤግዞስት ላይ 2.5 ሚሊ ገደማ ይሁን የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው። ለኤግዞስቱ የሚበልጠው የሚሰጠው ስለሚሞቅ ብቻ አይደለም። ኢንቴኩ ሲከፈት ፒስተኑ ከፊቱ እየሸሸለት ነው። ኤግዞስቱን ግን ፒስተኑ ከኋላው እያሳደደው ነው የሚዘጋው፤ ትንሽ ከዘገየ ይደረስበታል።

«ግማሽ ሚሊ ምን ያመጣል?»

ከጽሑፉ ብዙ ሞተር ሊያበላሽ የሚችለው ይህ ነጥብ ነው። ውኃ ጨርሶ የጋለ ሞተር ቴስታታው ይጣመማል፤ ቶርኖ ቤት (የብረት መላጫ ቤት) ይገባል፣ ይላጫል፣ ይመለሳል። ባለቤቱ መኪናውን ሲገዛ ቴስታታው ከዚያ በፊት ስንት ጊዜ እንደተላጨ አብዛኛውን ጊዜ አያውቅም። ጸሐፊው የቆጠሩት የዛሬውን ግማሽ ሚሊ ብቻ ነው።

አሁን ቁጥሩን እንከተል። ካሙ ቴስታታው ላይ ባለበትና ቫልቮቹ ቀጥ ብለው በቆሙበት ሞተር 0.5 ሚሊ ሲላጭ ቫልቩ 0.5 ሚሊ ወደ ፒስተኑ ይወርዳል። ይህ ለሁሉም ግልጽ ነው። ጽሑፉ ያልነካው ሌላውን ጉዳት ነው። ቴስታታው ዝቅ ሲል ካሙም ወደ ክራንኩ ይቀርባል። ካሙን ከክራንኩ የሚያዞረው ካቴና (ሰንሰለት) ወይም ቺንጋ (ቀበቶ) ያው ነው፣ መንገዱ ግን አጠረ። የተረፈውን መወጠሪያው በላላው ጎን ይሰበስበዋል፤ በሚጎተተው ጎን ግን ካሙ ያጠረውን ያህል ወደ ኋላ ይቀራል። የካሙ ጥርስ ዲያሜትር 120 ሚሊ ቢሆን ግማሽ ሚሊ ማለት በካሙ ላይ ግማሽ ዲግሪ ገደማ፣ በክራንኩ ሲቆጠር አንድ ዲግሪ ገደማ ነው። ካቴናው አርጅቶ ከረዘመ ሌላ ሁለት ሦስት ዲግሪ ሊጨመርበት ይችላል። አቅጣጫውም ያው ወደ ኋላ ነው።

ካም ወደ ኋላ ሲቀር ኢንቴኩ ዘግይቶ ስለሚከፈት ለእሱ ቦታ ይገኛል። ኤግዞስቱ ግን ዘግይቶ ስለሚዘጋ ፒስተኑ ሲመጣ ከበፊቱ ይበልጥ ተከፍቶ ይጠብቀዋል። በዚያ አካባቢ ቫልቩ በየዲግሪው ወደ አንድ አሥረኛ ሚሊ ሊንቀሳቀስ ይችላል። እንግዲህ ከሁሉ የሚሞቀውና ፒስተን የሚያሳድደው ቫልቭ በመላጨቱም በታይሚንጉም ይቀነስበታል። ዛሬ 0.5፣ ባለፈው ባለቤት ጊዜ 0.3፣ በታይሚንግ 0.3 ቢባል ከአንድ ሚሊ በላይ ሄደ። ታይሚንጉ ምልክቱ ላይ ገብቷል መባሉም አያድነንም፤ አንድ ሁለት ዲግሪ በዓይን ምልክት ላይ አይለይም።

ለጸሐፊው የምመሰክርላቸው አንድ እውነት አለ። እንደ ቶዮታ 4ኤ-ኤፍኢ ያሉ፣ በየከተማው በኮሮላ ላይ የምናገኛቸው ሞተሮች ቺንጋቸው ቢበጠስ እንኳ ፒስተንና ቫልቭ እንዳይገናኙ ሆነው ነው ከፋብሪካ የወጡት። እነሱ ብዙ ስህተት ይሸከማሉ። የጸሐፊው ልምድ በእነዚህ ላይ ያመዘነ ከሆነ ድምዳሜያቸው ከየት እንደመጣ ይገባኛል። የሃይሉክስና የሚኒባስ 2ኤልና 3ኤል ናፍጣ ሞተር ግን እንደዚያ አይደለም፤ የእነሱ ቺንጋ ሲበጠስ ምን እንደሚከተል የሚኒባስ ባለቤት ሁሉ ያውቀዋል።

ናፍጣ ላይ ቦታው ከመነሻው ጠባብ ነው። ፒስተኑ ላይ ሲደርስ ከብሎኩ ወለል አልፎ በአሥረኛ ሚሊ የሚቆጠር ብቅታ ይኖረዋል። ለአንድ ሞተር ሦስት ዓይነት ውፍረት ያለው ጓርኒሲዮን የሚሠራለት በዚህ ምክንያት ነው። የትኛው እንደሚገባ የሚታወቀው የእያንዳንዱ ፒስተን ብቅታ በዳያል ኢንዲኬተር (ባለ ቀስት መለኪያ) ተለክቶ ነው፣ ጓርኒሲዮኑም ጠርዝ ላይ የሚለይበት ምልክት አለው። ሱቅ ልጅ ልኮ «የ3ኤል ጓርኒሲዮን» አስመጥቶ መግጠም ያንን ሁሉ ለዕድል መተው ነው። «ካስፈራ ሁለት ጓርኒሲዮን ደርቡ» የሚባለውንም ምክር ማንም እንዳይሞክረው፤ በሁለቱ መካከል ጋዝና ውኃ መንገድ ያገኛሉ።

ደግሞ የናፍጣ ሞተር ቫልቭ ከቴስታታው ወለል ጋር እኩል ወይም ገባ ብሎ ነው የሚቀመጠው። ቴስታታው ሲላጭ ቫልቩ ብቅ ይላል። «መቀመጫውን ዝቅ አድርጎ መቁረጥ ነው» ይባላል፤ ልክ ነው፣ ሥራው ግን እዚያ አያበቃም። መቀመጫው 0.5 ሚሊ ሲገባ የቫልቩ ጭራ 0.5 ሚሊ ወደ ላይ ይወጣል፤ ቫልቩን የሚዘጋው ሞላ (ስፕሪንግ) የሚቆምበት ቁመትም በዚያው ልክ ይረዝማል። የረዘመ ሞላ የላላ ሞላ ነው። ከሥሩ የዚያኑ ያህል ውፍረት ያለው ሺም (ስስ የብረት ቀለበት) ካልገባ፣ ለቫልቩ ቦታ ለመስጠት የሠራነው ሥራ ራሱ ቫልቩ እንዲዘገይ ያደርገዋል። ይህን ያህል ነገር የተያያዘ በመሆኑ የናፍጣ ቴስታታ መላጨትን ጨርሶ የሚከለክሉ ፋብሪካዎች አሉ።

ካሙ ብሎክ ውስጥ ባለበትና በጥርስ በሚነዳ ሞተር ላይ መላጨት ታይሚንጉን አይነካም። እዚያ የሚመጣው ጣጣ፣ ከካሙ ተነሥቶ ቫልቩን የሚጫነውን ክንድ (ሮከሩን) የሚገፋው ዘንግ፣ ፑሽ ሮዱ፣ ካጠረው ቦታ አንጻር መርዘሙ ነው።

«የደጋው አየር ስስ ነውና መላጨት ጉልበት ይመልሳል»

መነሻው እውነት ነው። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚያው ልክ ጉልበት ያጣል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ላይ ስለሆነች ትንሽ ይሻላታል።

ግን መላጨት ምን ያህል ይመልሳል? ያንኑ 4ኤ-ኤፍኢ እንውሰድ። ሲሊንደሩ 81 ሚሊ፣ ስትሮኩ 77 ሚሊ፣ ኮምፕሬሽኑ 9.5 ለ 1 ነው። 0.5 ሚሊ ቢነሳለት ፒስተኑ ላይ ሲደርስ የሚቀረው ቦታ ከ46.7 ሲሲ ወደ 44.1 ሲሲ ገደማ ይወርድና ኮምፕሬሽኑ 10 ለ 1 ይሆናል። በቀመሩ መሠረት ከዚህ የሚገኘው ትርፍ ከመቶ አንድ ተኩል አይሞላም። ከመቶ ሃያ አምስት ለጠፋበት ሰው ይህችን ሰጥቶ ግማሽ ሚሊ ክፍተት መቀማት ምን ዓይነት ንግድ ነው? ናፍጣ ላይማ ነገሩ ከነጭራሹ አይሠራም፤ የጎደለው አየር እንጂ ጭመቃ አይደለም።

«ቫልቩ በፊለር ጌጅ ተስተካክሏል»

በሮከርና በቫልቩ ጭራ መካከል በፊለር ጌጅ የምናስተካክለው ክፍተት ቫልቩ በደንብ እንዲዘጋ የሚያደርግ ነው፤ መጠኑም በአሥረኛ ሚሊዎች የሚቆጠር ነው። ታች ቫልቩ ከፒስተኑ ምን ያህል እንደራቀ አይነግረንም። እንዲያውም ያ ክፍተት ሲጠብ ቫልቩ ያንኑ ያህል ይበልጥ ወደ ፒስተኑ ስለሚወርድ የታችኛው ልኬት መወሰድ ያለበት የላይኛው ተስተካክሎ ካለቀ በኋላ ነው። ሁለቱ አንድ ናቸው ብሎ ለተማሪ መጻፍ ግን ያሳስባል፤ ቴክኒክና ሙያ የሚማር ልጅ ይህን አንብቦ ወደ ጋራዥ ይገባል።

«የጭነት መኪና ዙር አያበዛም»

ከሁሉ የከነከነኝ ይህ ነው፣ ከጎጃም ሰው በመምጣቱም ጭምር። ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም ባለው መንገድ ላይ ጸሐፊው ልክ ናቸው፤ ዙሩ ሲበዛ ዙር የሚገድበው ገቨርነር ናፍጣ ይቆርጣል፣ ነገሩ ያልቃል። ነገር ግን የእኛ ጤፍና በቆሎ አዲስ አበባ የሚደርሰው አባይ በረሃን ተሻግሮ ነው። ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወደ ድልድዩ፣ ከዚያ ያንኑ ያህል ሽቅብ።

ጭነት የያዘ አይሱዙ ያንን ቁልቁለት በማርሽ ታስሮ ሲወርድ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው። ገቨርነሩ ናፍጣ መቁረጥ እንጂ ጎማን ማስቆም አይችልም። ሾፌሩ ፍሬኑ እንዳይግል ብሎ አንድ ማርሽ ቢቀንስ፣ ወይም ማርሽ ሲለውጥ ካሰበው በታች ቢገባበት፣ ዙሩ ፋብሪካው ከፈቀደው ያልፋል። ከ3,200 ወደ 4,000 ቢወጣ ዙሩ የጨመረው በሩብ ነው። ቫልቩን ከካሙ ለማላቀቅ የሚታገለው ኃይል ግን ከዙሩ ስኩዌር ጋር ስለሚያድግ ከግማሽ በላይ ይጨምራል። ሞላው ይህን ካልቻለ ቫልቩ ካሙን መከተል ይተዋል፣ ዘግይቶ ይዘጋል። ቀደም ብዬ የጻፍኩት አንድ ሚሊ እዚህ ጋ ነው የሚፈለገው። የጭስ ፍሬን ያለው መኪና ሲሆን ደግሞ ሞላው ከኋላ የታፈነውን ጭስ ግፊትም መቋቋም አለበት፤ የላላ ሞላ ያኔ ኤግዞስት ቫልቩን በመቀመጫው ላይ አጥብቆ መያዝ ያቅተዋል።

አንድ እንዲህ ያለ ሞተር በእጄ ገብቷል። ሌላ ቦታ ተሠርቶ የወጣ ነው፤ ደብረ ማርቆስና ፍኖተ ሰላም ሲመላለስ ምንም አላለም። ጤፍ ጭኖ አባይ ሲወርድ ነው መንኳኳት የጀመረው። ሾፌሩ «ጋሼ፣ እስከ ደጀን እኮ እንደ አዲስ ነበር» ይለኛል፤ እውነቱን ነው። ቴስታታውን ስናነሳ በሁለተኛው ፒስተን አናት ላይ በኤግዞስቱ በኩል የግማሽ ጨረቃ ምልክት ነበር፤ ዙሪያው በካርቦን ጠቁሮ እሱ ብቻ ያብረቀርቃል፣ ጥፍር ሲያልፍበት ይይዛል። በሌሎቹ ሦስቱ ላይ በዚያው ቦታ ካርቦኑ ብቻ ተልጦ ንጹሕ አሉሚኒየም ይታያል፤ እነሱም ለጥቂት ነው የተረፉት። የሁለተኛውን ኤግዞስት ቫልቭ ጠረጴዛ ላይ ስናንከባልለው አናቱ እየዋዠቀ ሄደ። መቀመጫዎቹ አዲስ ተቆርጠዋል፣ ከሞላዎቹ ሥር ግን ሺም የሚባል ነገር አልነበረም። ያ ሞተር ሲገጠም በእጅ ሁለት ዙር እንደዞረ አልጠራጠርም።

የውኃ ፓምፑም ከዚህ አይርቅም። በመራዊ በኩልም ሆነ በጣና ዳር ውኃ በፍጥነት እንዲመጣ ብለው የገቨርነሩን ሞላ የሚወጥሩ ወይም በሽቦ የሚያስሩ አሉ። የመሳቢያው ቱቦ አየር ሲያስገባ ሸክሙ ባንድ አፍታ ይጠፋል፣ ሞተሩም የሚገታው ሳይኖር ይሮጣል። የተላጨ ቴስታታ ያለበት ፓምፕ ያን ጊዜ ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

«አንድ ሲሊንደር ላይ ፕላስቲሲን ይበቃል»

ፕላስቲሲንን እኔም እወደዋለሁ፤ ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር ይገኛል፣ ርካሽ ነው፣ አይዋሽም። የሚዋሸው አጠቃቀማችን ነው።

መጀመሪያ የፒስተኑ አናትና የቫልቩ ፊት ከካርቦን ይጸዳሉ። ፕላስቲሲኑ ከሚጠበቀው ክፍተት ወፈር ብሎ በሁለቱም ቫልቮች ሥር ይለጠፋል፣ ላዩ በጥቂት ዘይት ይታበሳል፤ ዘይት ካልነካው ቫልቩ ላይ ተጣብቆ ይነሳል። የሚገባው ጓርኒሲዮን ተመሳሳይ ውፍረት ያለውና አንዴ ተጨምቆ የወጣ አሮጌው ነው። ያልተጨመቀ አዲስ ከገባ ክፍተቱ ከእውነቱ በላይ ይታያል፣ አዲሱን በቶርክ አስሮ ማውለቅ ደግሞ ማባከን ነው። ቡሎኑም አሮጌው ይሁን። ታይሚንግ ይገባል፣ ቫልቭ ይስተካከላል፣ ከዚያ ክራንኩ ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ ብቻ ሁለት ዙር ይዞራል። ወደ ኋላ መመለስ የካቴናውን ልል ወደ ሌላው ጎን ስለሚያዛውር ልኬቱን ያበላሻል። ጠንከር ካለ አይገፋም፤ ተቁሞ ይታያል።

ቴስታታው ሲነሳ ቫልቩ የሠራው ጉድጓድ ይታያል። በምላጭ መሃል ለመሃል ይቆረጥና አንዱ ግማሽ ይወገዳል፤ ቀሪው ከጎን ሲታይ የት እንደሳሳ ግልጽ ይሆናል። ብዙ ጊዜ የሚሳሳው ጠርዙ ላይ ነው። ፕላስቲሲኑን ላለመጫን የካሊፐሩን የጥልቀት መለኪያ ጭራ ብቻ አውርዶ ማንበብ ይሻላል። ፒስተኑ የቫልቭ ኪስ ካለው በኪሱ ግድግዳና በቫልቩ ዙሪያ መካከል ያለውም ይታይ፤ ቤንዚን ሞተር ላይ ከ1.3 ሚሊ ማነስ የለበትም።

ሃይድሮሊክ ሊፍተር (የቫልቩን ክፍተት በዘይት ግፊት ራሱ የሚያስተካክል) ያለው ሞተር ላይ ግን ፕላስቲሲን ያታልላል። ሊፍተሩ ተጭኖ ሲገባ ቫልቩ ሙሉ በሙሉ ስለማይከፈት ክፍተቱ ሰፊ ይመስላል። ለጊዜው የማይጨመቅ ሊፍተር ማስገባት ያስፈልጋል። በፕላስቲሲን ፈንታ የጧፍ ሰም የሚያደርጉ አይቻለሁ፤ በእንጅባራ ጠዋት ብርድ ሰሙ ደርቆ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁ ላይ የሚለካ ነገር የለም።

ከዚህ የሚሻለው ዘዴ ዳያል ኢንዲኬተር ነው። በአንዱ ሲሊንደር ሁለት ቫልቮች ላይ ከዋናው ሞላ ፈንታ በጣት የሚጫን ለስላሳ ሞላ ይገባል። ክራንኩ ላይ በዲግሪ የተከፈለ ክብ ካርቶን ይታሰራል፤ አታሚ ቤት የወጣ ወረቀት ካርቶን ላይ ቢለጠፍም ይሠራል። ፒስተኑ ጭሱን ገፍቶ ላይኛው ጫፍ ከመድረሱ 20 ዲግሪ ጀምሮ ካለፈ በኋላ እስከ 20 ዲግሪ ድረስ፣ በየሁለት ዲግሪው ቆም እየተባለ ቫልቩ ፒስተኑን እስኪነካ በጣት ይጫናል፤ ኢንዲኬተሩ የሚያሳየው ጉዞ ክፍተቱ ነው። ከቁጥሮቹ ትንሹ መልሱ ነው። ፕላስቲሲን አንድ ቁጥር ይሰጣል፤ ይህ ግን ትንሹ በስንተኛው ዲግሪ ላይ እንደሆነም ይነግረናል፤ ካሙ ወደ ኋላ መቅረቱም በዚያው ይታወቃል።

አንድ ሲሊንደር ለምን አይበቃም? ቴስታታ ቶርኖው ላይ ትንሽ ዘንበል ብሎ ታስሮ ከተላጨ ከአንዱ ጫፍ ብዙ፣ ከሌላው ጥቂት ይነሳል። መቀመጫዎቹም በተለያየ ጥልቀት የተቆረጡ ይሆናሉ። ቢያንስ አንደኛውና የመጨረሻው ይለኩ። ናፍጣ ከሆነ የሁሉም ቫልቭ ጥልቀትና የሁሉም ፒስተን ብቅታ ይለካ። እላይ የጻፍኩትን 2.0 እና 2.5 ሚሊ ናፍጣ ላይ የሚፈልግ ደግሞ አያገኝም፤ የናፍጣው ልክ በየሞተሩ ማኑዋል ላይ ያለው ነው፣ እሱም በጣም ያነሰ ነው።

«ደንበኛ አይከፍልም»

ብዙዎቹ አይከፍሉም፣ እውነት ነው። ግን አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ እንዲሉ፣ አባይ ሥር የቆመ መኪና መጎተቻው፣ የጤፉ ማራገፊያ፣ አዲስ ቫልቭና አዲስ ፒስተን፣ ሁለተኛው የእጅ ዋጋ፣ ሁሉም ተደምሮ ያው ደንበኛ ወይም ያው ጋራዥ ነው የሚከፍለው። ልኬቱ ለብቻው ዋጋ አይጠየቅበት፤ ከመግጠሚያው ዋጋ ጋር ይግባ።

ይህን ሥራ የሚያቀልልን ሌላም ነገር አለ። ቶርኖ ቤቶች ቴስታታ ሲመልሱ ስንት ሚሊ እንዳነሱ በጽሑፍ ይስጡ፤ ቢቻል በቴስታታው ጎን ላይ በቁጥር መቺ ይምቱት፣ የሚቀጥለው መካኒክ እንዲያየው። ጸሐፊው በጎጃም ቶርኖ ቤቶች ዘንድ ተሰሚነት እንዳላቸው ከጽሑፋቸው ይታያል፤ ይህን እሳቸው ቢያስጀምሩት ከእኔ ይልቅ ይሰማሉ። በሚቀጥለው የሚገጥሙት አይሱዙ ላይም አንደኛውንና የመጨረሻውን ሲሊንደር ለክተው፣ ያገኙትን ቁጥር ከማኑዋሉ ጋር አስተያይተው ቢያወጡልን፣ ክርክራችን በቁጥር ላይ ይሆናል።